ከውጪ ብቻ የሚታይ መስመር

የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ እንዳለቀ ተማሪዎቹ ሁሉ ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው ባለ ብዙ ኪስ ጨርቅ ተጋፉ። ጠዋት ያስረከቡትን ስልክ የሚወስዱት ከዚያ ነው። ቲሪል አልቸኮለችም። ብዙውን ጊዜ ስልኳ ላይ የሚጠብቃት ከእናቷ የተላከ «ድንች ልጪ» የሚል መልእክት ስለሆነ የሚያስሮጥ ነገር የለውም። የዛሬው ግን ሌላ ነበር። ስቴይናር ሦስት ጊዜ ደውሎላታል። ስቴይናር ደግሞ ሰው ሞቷል ወይም ቤት ተቃጥሏል ካልተባለ በስተቀር ለማንም አይደውልም።

ከጥሪዎቹ በታች ራሷ ያዘጋጀችው ኢሜይል ገብቷል። እኩለ ቀን ላይ እንዲሄድ ትናንት አስተካክላ የተወችው፣ ለትምህርት ቤቱ ማርሽ ባንድ ቤተሰቦች ሁሉ የተላከው ኢሜይል ነው። ላኪው ስቴይናር፣ የባንዱ ጸሐፊ ይላል። ርዕሱ የሜይ 17 የሰልፍ ሰዓቶች ይላል። ከርዕሱ ሥር በግራጫ ፊደል አንድ መስመር አለች።

«በአክብሮት እናሳውቃለን፦ ኦድቫር ዘንድሮ ይብቃው፤ ጆሮው ከሄደ ቆይቷል።»

ቲሪል ኢሜይሉን ከፈተችው። የሰልፉ ሰዓት አለ፣ የሰልፉ መንገድ አለ፣ ነጭ ሸሚዝ ተኩሶ ስለመምጣት የተጻፈው አለ። ያቺ መስመር ግን የለችም። ዘጋችው። መስመሯ ከርዕሱ ሥር ቁጭ ብላለች። እንደገና ከፈተችው፤ የለችም። ቲሪል ለምን እንደዚያ እንደሆነ ከማንም በላይ ታውቃለች።

ኦድቫር የባንዱ መሪ ነው። መንደሩ ውስጥ ከአርባ ዓመት በታች የሆነ ክላርኔት የሚነፋ ሰው ካለ ያስተማረው እሱ ነው። ሜይ 17 የኖርዌይ ብሔራዊ በዓል ነው፤ ሊደርስም አምስት ቀን ቀርቶታል። ሰማንያ ስድስት ቤተሰብ ያን ኢሜይል ተቀብሏል። ከተቀበሉት አንዱ ራሱ ኦድቫር ነው።

ነገሩ የተጀመረው በበረዶው ወራት ነበር። ቲሪል አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ትሮምቦን ትነፋለች፤ በባንዱ ቦርድ ውስጥም የወጣቶች ተወካይ ናት። የወጣቶች ተወካይ ማለት በስብሰባ ላይ ዋፍል የሚበላና ኮምፒውተሩን የሚነካካ ሰው ማለት ነው። ስቴይናር ማስታወቂያውን ይጽፋል፤ እሷ ደግሞ ፎቶ ጨምራ፣ አሳምራ፣ በእሱ ስም ትልካለች። ስቴይናር ከፖስታ ቤት ጡረታ የወጣ፣ ነጠላ ሰረዝ ከጎደለ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው ነው። ማንኛውንም ጽሑፍ የሚጀምረው «በአክብሮት እናሳውቃለን» ብሎ ነው፤ ነገሩ የአንድ እግር ካልሲ መጥፋት ቢሆን እንኳ። ልጆቹ በዚህ አባባል ሙድ ይይዙበታል።

ኢሜይል ሲደርስ፣ ገና ሳይከፈት፣ ዝርዝሩ ላይ ከርዕሱ ሥር የምትታየው ግራጫ መስመር ከመልእክቱ የመጀመሪያ ቃላት የምትወሰድ ናት። የባንዱ ኢሜይል የመጀመሪያ ቃላት ደግሞ ሁልጊዜ «መልእክቱ በትክክል ካልታየህ እዚህ ተጫን» የሚሉ ነበሩ። ማን ይህን አይቶ ይከፍታል? ቲሪል ስትጎረጉር አንድ ዘዴ አገኘች። መልእክቱ አናት ላይ የተደበቀ መስመር ማስገባት ይቻላል። ኢሜይሉን የከፈተ ሰው አያየውም፤ ፊደሉ ነጭ በነጭ ላይ ነው፣ መጠኑም ኢምንት ነው። ዝርዝሩ ላይ ግን ከርዕሱ ሥር በደንብ ይነበባል። ከውጪ አለ፣ ከውስጥ የለም። ለመጀመሪያ ጊዜ «ጓንት አትርሱ» ብላ ደብቃ የላከች ዕለት ጓንት የረሳ ልጅ አልነበረም፤ ስቴይናርም ለቦርዱ ሁሉ ስለ ብልህነቷ አወራላት። እሷም ኮራች፤ ለምን ይዋሻል።

ከሁለት ሳምንት በፊት፣ ክፉ ልምምድ በነበረበት ቀን፣ ይህንኑ ዘዴ ለጓደኛዋ ለኦስሂል አሳየቻት። ኦስሂል ክላርኔት ትነፋለች። የዚያን ቀን ኦድቫር ክላርኔቶቹን ሰባት ጊዜ አስቁሞ «አልተሰማችሁም፣ ንፉ እንጂ» ብሏቸው ነበር፤ እነሱ ግን ጉንጫቸው ሊፈነዳ እስኪደርስ ነፍተዋል። ኦስሂል ቤት ሶፋ ላይ ተጋድመው ሳለ ኦስሂል የተደበቀ ነገር ይታያል የሚባለው አልዋጥላት አለ። ቲሪል እንግዲያው የምጽፈውን ንገሪኝ አለቻት። ኦስሂል አፍንጫዋን በሁለት ጣት ይዛ በስቴይናር ድምፅ ያቺን ዓረፍተ ነገር አወረደችው። ቲሪል ጻፈች፤ ለሁለታቸው ብቻ ላከች። ስልኮቹ ጮኹ፤ መስመሯም ቁልጭ ብላ ታየች። ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ከዚያ ራት ቀረበና ረሱት።

ትናንት እሑድ ቲሪል የሰልፉን ኢሜይል ስታዘጋጅ የባንዱ ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው አደረገች። ያለፈውን ቅዳ፣ የሚለወጠውን ለውጥ፤ ባንዱ ውስጥ ወረቀት ሁሉ የሚሠራው እንዲህ ነው። ያለፈው ግን ያ የሙከራ ኢሜይል ነበር። ርዕሱን ለወጠች፣ ሰዓቶቹን ለወጠች፣ ፎቶውን ለወጠች። ሦስት ጊዜ አነበበችው። ስቴይናርም መነጽሩን ሰክቶ ሁለት ጊዜ አነበበና አንድ የጎደለ ነጠላ ሰረዝ አገኘ። የማይታየውን ግን ሁለቱም አላዩም።

ስልኩ አራተኛ ጊዜ ጮኸ።

«ቲሪል» አለ ስቴይናር። ድምፁ ከወትሮው ቀጥኗል። «አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነበር። ከእኩለ ቀን ጀምሮ ሰው እየደወለ ይሰድበኛል። ኢሜይሉ ላይ ስለ ኦድቫር ክፉ ነገር ጽፈሃል ይሉኛል። አሥር ጊዜ ከፍቼ አነበብኩት። ምንም የለም።»

የስቴይናር ስልክ ዝርዝሩ ላይ የሚያሳየው ላኪና ርዕስ ብቻ ነው። ፊደሉ እንዲተልቅለት ብላ እንደዚያ ያስተካከለችለት ራሷ ቲሪል ናት።

«አንቺ ጋ ይታያል?» አላት።

ያን ጊዜ መናገር ነበረባት። አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር የቀራት፤ ስቴይናርም ደግ ሰው ነው። ግን ዙሪያዋን ሃያ ልጅ ቦርሳውን እያነሳ ነበር።

«እኔ ጋም የለም» አለች።

ስቴይናር በረጅሙ ተነፈሰ። «እንግዲያው ያበድኩት እኔ አይደለሁም። ተባረኪ» ብሎ ዘጋ። ቲሪል በልቧ፣ ከተከፈተ እኮ በእርግጥ የለም፣ ውሸት አልተናገርኩም ብላ ልትጽናና ሞከረች። አልሆነላትም።

ኦስሂልን ብስክሌት ማቆሚያው ጋ አገኘቻት። ስልኩን ስታሳያት ኦስሂል መጀመሪያ ሳቀች፤ ወዲያው ፊቷ ተለዋወጠ።

«በናትሽ፣ ለሁሉም ነው የሄደው?»

«ለሁሉም።»

ኦስሂል ዙሪያዋን አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ስሚ። የከፈተ ሰው አያገኘውም። ማን ጻፈው ቢባል ማስረጃ የለም። ከመላኪያው ፕሮግራም ላይ አጥፊው፣ አለቀ። ስቴይናር ነው ይላሉ፣ ሁለቱ ሽማግሌዎች ይኮራረፋሉ፣ ከዚያ አንድ ቀን ዓሣ ሊያጠምዱ ሄደው ይታረቃሉ።»

«ስቴይናር እኮ ምንም አላደረገም።»

«አንቺስ ሆን ብለሽ ነው? አይደለም። እኔስ? ደግሞ ቃሉ ከማን አፍ እንደወጣ እንዳትረሺ። እናቴ ከሰማች የበጋው ካምፕ ቀረብኝ ማለት ነው። አቦ ተይው፣ ይረሳል።»

ቲሪል ቤት ገብታ ጫማዋን ሳታወልቅ ኮምፒውተሩን ከፈተች። ያቺን መስመር ከመላኪያው ላይ አጠፋቻት። የተላከው ግን አይመለስም፤ ሰማንያ ስድስት ቤት ገብቷል። ድንች ልጣ ሁለት ጊዜ እጇን ቆረጠች። እናቷ ምን ሆነሻል ስትላት ፈተና ደርሶ ነው አለች። ሁለተኛ ውሸት ሆነ፤ ከመጀመሪያው ይልቅ መውጣቱ ቀለላት፤ ይህም ራሱ አስፈራት።

ማክሰኞ ልምምዱ ሲጀመር ኦድቫር አልነበረም። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ አንድም ቀን አርፍዶ የማያውቅ ሰው ነው። ሰማንያ የሚያህል ልጅ የስፖርት አዳራሹ ውስጥ መሣሪያውን አቅፎ ተቀምጧል። የቦርዱ ሰብሳቢ ጉንቮር ከፊት ቆመች። ጉንቮር ስትናደድም ስትደሰትም ፊቷ የማይለዋወጥ ሴት ናት፤ የዛሬው ግን ተለዋውጧል። አንድ ወረቀት አውጥታ አነበበች። ኦድቫር ስለ ዓመታቱ ሁሉ እንደሚያመሰግን፣ ከዛሬ ጀምሮ ሥራውን እንደሚያስረክብ፣ የሽኝት ዝግጅት እንደማይፈልግ፣ ሰልፉንም ሌላ ሰው ቢመራው እንደሚሻል ጽፏል። ወረቀቱ አጭር ነበር።

ከኋላ ልጆቻቸውን ሊያደርሱ የመጡት ወላጆች ዝም አሉ። ያ መንደር ዝም ማለት ያውቅበታል። ማንም ስቴይናርን በስሙ አልጠራም፣ ማንም ጣቱን አልቀሰረም፤ ግን ዓይን ሁሉ ወደ እሱ ዞረ። አንዱ አባት ዝም ብሎ ስልኩን ዘረጋለት። ስቴይናር መነጽሩን ሰክቶ ዝርዝሩን አየ። የራሱን ስም አየ። ከሥሩ «በአክብሮት እናሳውቃለን» የሚለውን የራሱን አባባል አየ። ከዚያ ኢሜይሉን ነካው፤ ተከፈተ፤ መስመሯ የለችም።

«ታዲያ የት ሄደ?» አለ።

አባትየው ፈገግ ብሎ ስልኩን መልሶ ወሰደ። ቲሪል ትሮምቦኗን ጭኗ ላይ አድርጋ ወለሉን ታያለች። መሬት ተከፍታ ብትውጣት ደስ ይላት ነበር። ከሁለት ረድፍ ፊት የተቀመጠችው ኦስሂል አንዴም አልዞረችም። ያን ቀን ጉንቮር ራሷ ቆጥራ አስጀመረቻቸው፤ ማርሹም የቀብር ይመስል ነበር።

ሲጨርሱ ሰው ሁሉ ቶሎ ወጣ። ሌላ ጊዜ ቡናው ከፔርሙዝ እየተቀዳ ወሬው ይደራል፤ ዛሬ ፔርሙዙ እንደሞላ ቀረ። ስቴይናር ብቻውን ወንበር ይደረድር ጀመር። ቲሪል ልትሄድ በሩ ጋ ደርሳ ነበር፤ እግሯ እንቢ አላት። ተመልሳ ከሌላው ጫፍ ወንበር ማንሳት ጀመረች።

«ታውቂያለሽ» አለ ስቴይናር ቀና ሳይል፣ «ኦድቫር ጆሮው እንደደከመ በበረዶው ጊዜ ነግሮኛል። ለእኔ ብቻ ነው የነገረኝ። ለሚስቱ እንኳ አልነገራትም። ዘንድሮን ብቻ ልምራና በክብር ልውጣ አለኝ። እሺ አልኩት።»

ቲሪል የያዘችውን ወንበር አስቀመጠች። እሷና ኦስሂል ለቀልድ የተናገሩት ነገር እውነት ነበር ማለት ነው። ክላርኔቶቹ ነፍተዋል፤ ኦድቫር ነው ያልሰማቸው።

«እና እንግዲህ» አለ ስቴይናር፣ «ከእኔ በቀር ማንም ሊጽፈው አይችልም። እሱ የሚያስበው እንደዚያ ነው፤ ብደውልለት አያነሳም። እኔም ሌሊቱን ሳስበው አደርኩ። አባባሉ የእኔ ነው፤ የማውቀውም እኔ ብቻ ነኝ። ሰው አንድ ነገር ጽፎ፣ እንደጻፈው ሳያውቅ ይቀራል እንዴ?»

ሽማግሌው ይህን የጠየቀው እየቀለደ አልነበረም። መልሱን ከእሷ እየጠበቀ ነበር፤ የኮምፒውተሩን ነገር የምታውቀው እሷ ናትና። ቲሪል አፏን ከፈተች። በሩ ተከፈተና ጉንቮር ቁልፉን እያንቃጨለች ገባች።

«አይመስለኝም» አለች ቲሪል። ሌላ ነገር አልወጣላትም።

ረቡዕ ምሳ ሰዓት ቡናማ አይብ የገባበትን ዳቦዋን ሳትበላ ከነወረቀቱ ወደ ቦርሳዋ መለሰችው። ጠዋት ስልኳን ከማስረከቧ በፊት ለስቴይናር ረጅም መልእክት ጀምራ ነበር። ጻፈች፣ አጠፋች፣ ጻፈች፣ አጠፋች። በጽሑፍ ሲሆን ነገሩ ሁሉ ሰበብ ሰበብ ይላል። ኦስሂል ከአጠገቧ መጥታ ተቀመጠች።

«ልትናገሪ ነው፣ አይደል?» አለቻት።

«ያንቺን ስም አላነሳም።»

«ፋራ» አለች ኦስሂል። ግን በንዴት አልነበረም የተናገረችው፤ ድምፅዋ የሚያለቅስ ሰው ድምፅ ነበር። ተነስታ ሄደች።

ከትምህርት በኋላ ቲሪል ብስክሌቷን ወደ ቤት ሳይሆን ወደ ባሕሩ ዳር፣ ወደ ኦድቫር ቤት ነዳች። ዓመቱ ከገባ የመጀመሪያው ሞቃት ቀን ነው፤ በዓሉም ሦስት ቀን ቀርቶታል፤ ስለዚህ መንደሩ ሁሉ ደጅ ወጥቷል። መስኮት የሚወለውል፣ ሣር የሚያጭድ፣ የባንዲራ እንጨት የሚቀባ ሞልቷል። መንገዱን ሁሉ የምትናገረውን እየደገመች ሄደች። ደጁ ስትደርስ አንድም ቃል አልቀረላትም።

ኦድቫር ጀርባውን ሰጥቶ ከአጥሩ ላይ ያረጀውን ቀለም እየፋቀ ነበር። ትከሻው ከወትሮው የጠበበ መሰላት። ጎረቤቱ የሣር ማጨጃ ሞተሩን ያስጮኻል። ማዶ አንዲት ሴት መሰላል ላይ ወጥታ መስኮት ታጥባለች።

«ኦድቫር» አለች። አልዞረም። በኖርዌይ ሽማግሌውም ሕፃኑም በስሙ ነው የሚጠራው፤ አንቱ የሚባል ካለ ንጉሡ ብቻ ነው። ዛሬ ግን በስሙ መጥራቱ ከበዳት። ጥላዋ አጥሩ ላይ ሲያርፍ ነው ያያት።

«ቲሪል። አንቺን ላኩብኝ?» አለና ፈገግ ለማለት ሞከረ። «ሐሳቤን አልለውጥም በያቸው።»

«ማንም አልላከኝም።»

ከንፈሯን እያየ ነበር። አሁን ገባት። ለካ ስታናግረው ሁልጊዜ ከንፈሯን ነው የሚያየው፤ እሷ ግን አንድም ቀን ልብ ብላው አታውቅም። አንገቷን አቀርቅራ፣ ዓይኗን ጫማዋ ላይ ተክላ፣ በአንድ ትንፋሽ ተናገረችው።

«የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

«እ?»

አልሰማም። በዚያው ቅጽበት የጎረቤቱ ሞተር ቆመ፤ ሰውየው የታጨደውን ሣር ሊደፋ ጎንበስ አለ። መንገዱ ጸጥ አለ፤ የሴትየዋ ጨርቅ መስኮቱ ላይ ሲንሸራተት እንኳ ይሰማል።

«ምን አልሽ?» አለ ኦድቫር። ከዚያም ወደ ቀኝ ጆሮው እያመለከተ፣ «በዚህ በኩል ነይ። ይኼኛው ይሻላል።»

ገና ምንም አልተባለም ማለት ነው። አሁን «ደህና ዋል ልልህ ነው የመጣሁት» ብትለው ያምናታል፤ አመስግኖም ይሸኛታል። ብትናገር ደግሞ ድምፅን ዝቅ አድርጎ መናገር አይሆንም። መንደሩ ሁሉ እየሰማ ጮክ ብላ ነው የምትናገረው፤ እዚህ መንደር ውስጥ ደግሞ አንዴ የተሰማ ነገር ዕድሜ ልክ ከሰው ላይ አይለቅም። ፈራች። በሕይወቷ እንደዚያ ፈርታ አታውቅም።

ዞራ በቀኙ ቆመች።

«ኢሜይሉ ላይ ያለውን የጻፍኩት እኔ ነኝ» አለች። ድምፅዋ ከጠበቀችው በላይ ወጣ። «ስቴይናር አይደለም። ስቴይናር አያውቅም።»

መሰላሉ ላይ ያለችው ሴት እጇ ቆመ። ጎረቤትየው ሣሩን እንዳቀፈ ቀና አለ።

ኦድቫር መፋቂያውን ቀስ ብሎ አጥሩ ላይ አስቀመጠው። «አንቺ?» አለ። «ስለ ጆሮዬ ማን ነገረሽ?»

«ማንም። ልምምድ ላይ ተናደን… ተናድጄ ነበር። ቀልድ ነበር። ለሙከራ ጻፍኩትና ሳላጠፋው ሄደ። እውነት መሆኑን አላውቅም ነበር። ይቅርታ አድርግልኝ።»

ይጮህብኛል ብላ ጠብቃ ነበር። ቢጮህባት ይሻላት ነበር። ኦድቫር ግን ደረጃው ላይ ሄዶ ቁጭ አለ። ቀለም በለበሰ እጁ ፊቱን ዳበሰ፤ ግንባሩ ላይ ነጭ ዱቄት ቀረ።

«ስቴይናር አልጻፈውም» አለ። ጥያቄ አልነበረም። ትንሽ ቆይቶ ደገመው። «ስቴይናር አልጻፈውም።»

ቲሪል ለመሄድም ለመቀመጥም አልደፈረችም። የዓይኗን እንባ በእጅጌዋ ጠረገች። ኦድቫር ከኪሱ ስልኩን አወጣ፤ ለጥቂት ጊዜ አየው። ከዚያ ዘረጋላት።

«ደውዪለት።»

«እኔ?»

«በስልክ ሰው የሚለኝን መለየት ካቃተኝ ዓመት አለፈኝ» አለ። ጮክ ብሎ ነው የተናገረው፤ ጎረቤቱም፣ ሴትየዋም፣ የሰማ ሁሉ እንዲሰማ። «ሲደወልልኝ ዝም ብዬ አዎ፣ አዎ ነው የምለው። አንቺ ንገሪው፤ ከዚያ ና በይው።»

ስልኩን ተቀበለችው። የስቴይናር ስም ከላይ ነበር፤ ያላነሳቸው አሥራ አንድ ጥሪዎች ከሥሩ ተደርድረዋል። ለኦድቫር መናገሩ ያለቀ መስሏት ነበር። ይኼኛው ግን ይብሳል። ኦድቫርን አስቀይማዋለች፤ ስቴይናርን ግን አምኖ ሲጠይቃት ነው የዋሸችው፤ ተባረኪ ብሏትም ነበር። ከዚያ ወዲህ አብሯት ወንበር እየደረደረ ጤንነቱን ተጠራጥሯል።

ጣቷ ስሙ ላይ ቆየ። ኦድቫር አላጣደፋትም።

ነካችው። አንዴ ብቻ ጠራ።

«ኦድቫር?» አለ ስቴይናር። ድምፁ በተስፋ ተሞልቶ ነበር።

ቲሪል ኦድቫርም እንዲሰማ በቀኙ ተቀመጠች፤ ድምፅዋንም ከፍ አደረገች።

«ቲሪል ነኝ» አለች። «ኦድቫር አጠገቤ ነው። ሰኞ ዕለት ዋሽቼህ ነበር።»